የአንገት እብጠትና የቄራ ቢላዋ፦ በድሬዳዋ ዳርቻ በአንድ የድልብ ከብት በረት የተደረገ የቲቢ ምርመራ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

የከብት ቲቢ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ወተት ላም ነው። የወተት ላም በአንድ ጣሪያ ሥር ለዓመታት ትቆያለች፤ ወተቷም በየቀኑ ሰው አፍ ይገባል። የሥጋ ከብት ሦስት አራት ወር ደልቦ ቄራ ይሄዳል። ስለዚህ «ለሚታረድ ከብት ምን ምርመራ ያሻዋል?» ይባልና በቁሙ የሚመረምረው የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ የተመረጠው ይህ አባባል የቱ ላይ እንደሚያስኬድና የቱ ላይ እንደሚያሳስት አንድ በረት ውስጥ አጠቃሎ ስላሳየ ነው። የባለቤቱ፣ የእንስሳት ሐኪሞቹ፣ የቄራውና የላቦራቶሪው ማንነት አልተገለጸም።

በረቱና ከብቶቹ

ሐረርጌ ውስጥ ማድለብ የቆየ የገበሬ ሙያ ነው። ገበሬው አንድ ወይም ሁለት በሬ ከእርሻ ያሳርፍና ደጃፉ አስሮ የማሽላና የበቆሎ ቅጠል፣ ከማሳ የሳሳ ቡቃያና አገዳ በእጁ እያበላ ያደልባል። የሐረር ሰንጋ ስም ያወጣው በዚህ ነው። ሁለት በሬ በታሰረበት ደጃፍ በሽታ ቢኖር እንኳ የሚደርስበት ጎረቤት ከብት ትንሽ ነው።

ይህኛው በረት ግን የነጋዴ ነው፤ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ በሚያወጣው መንገድ በኩል ይገኛል። ጉዳዩ ሲነሳ 33 ከብቶች ነበሩበት። 19ኙ ከጨለንቆ፣ ከቁልቢና ከሐረማያ ገበያ የተገዙ የደጋ በሬዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ለዓመታት ያረሱ። 10ሩ በባቢሌ በኩል የመጡ የቆላ ወይፈኖች ናቸው። የቀሩት 4ቱ ከሐረር ዙሪያ ካለ አንድ የወተት እርባታ በአንድ ጊዜ የተገዙ ዲቃላ ኮርማዎች ነበሩ፤ እርባታው ወንድ ስለማያስቀምጥ በርካሽ ሸጧቸዋል። ሁሉም የሚበሉት ከአንድ ረጅም የሲሚንቶ ገንዳ ነው፦ ጭድ፣ አገዳ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ አንዳንዴም ከጫት ተራ የሚሰበሰብ ገራባ። የጥበቃው ዶሮዎች የሚያድሩት ፉርሽካ በተከመረበት መጋዘን ውስጥ ነበር። ይህ መጀመሪያ ላይ የማንንም ትኩረት አልሳበም።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

ከዚሁ በረት ቀድሞ የተሸጠ አንድ የደጋ በሬ ከተማው ቄራ ታረደ። በሬው ወፍራም ነበር፤ አልሳለም፣ መብላትም አልቀነሰም። የሥጋ መርማሪው ሳንባውን በእጁ ሲዳብስ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል፣ ወደ ኋላ በኩል ያለው የሊምፍ ዕጢ ከወትሮው በጣም ገዝፎ አገኘው። ሲቆርጠው ቢላዋው አሸዋ ላይ እንደሄደ ተንኳኳ፤ ውስጡ ቢጫ፣ ደረቅና ጠጣር መግል ነበር፣ ዙሪያውንም ወፍራም ነጭ ሽፋን ከቦታል። ጉዳቱ እዚያው ስለተወሰነ ሳንባውና በአካባቢው ያለው ተወግዶ የቀረው ሥጋ አለፈ።

እስከዚህ ድረስ ሥራው በደንቡ መሠረት ነው። ክፍተቱ የተፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዕጢው ቁራጭ ሳይቀመጥ ከሌላው ጋር ተጣለ። የተንኳኳ ዕጢ ሁሉ ቲቢ አይደለም፤ ትል የሚፈጥረው የደረቀ ከረጢትና ሌሎች ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት የቆየ መግልም በቢላዋ ሥር ተመሳሳይ ስሜት ይሰጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው በሬ ምን እንደነበረበት እስከ መጨረሻው በላቦራቶሪ ሊረጋገጥ አልቻለም።

ምን አማራጭ ነበር

ባለቤቱ መጀመሪያ ያሰበው ሁሉንም በአንድ ሳምንት ሸጦ መገላገል ነበር። አረፋ እየቀረበ ስለነበር ገበያው ይፈቅድለታል። ሐኪሞቹ ይህን የተቃወሙበት ምክንያት ተግባራዊ ነው፦ ምንጩ ሳይታወቅ ቢሸጥ ቀጣዩን ከብት እዚያው ገንዳ ላይ ያስራል፤ ከዚያው እርባታም እንደገና ይገዛል።

በደም የሚደረገው፣ የደም ሕዋሳት ለባክቴሪያው የሚሰጡትን መልስ የሚለካው የኢንተርፌሮን ጋማ ምርመራም ታሰበ። ትልቁ ጥቅሙ ከብቱን አንዴ ብቻ መያዝ መቻሉ ነው። ነገር ግን እንዳይረጋ በሄፓሪን የተቀዳው ደም ሕዋሳቱ ሳይሞቱ፣ በ24 እስከ 30 ሰዓት ውስጥ ከቲዩበርክሊን (ከባክቴሪያው ከተጣራ ፕሮቲን) ጋር ተቀላቅሎ በ37 ዲግሪ ማደር አለበት። እስከዚያም በክፍል ሙቀት እንጂ በበረዶ አይጓጓዝም። ደም ሲባል እጅ ወደ በረዶ ሣጥን ስለሚሄድ ይህ ብዙ ጊዜ የሚበላሽበት ቦታ ነው። በአቅራቢያ ማሙቂያውና የንባብ መሣሪያው አንድ ላይ ስላልተገኙ፣ አዲስ አበባ ድረስ ያለው መንገድም ከ450 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ተተወ። የተመረጠው በአንገት ቆዳ ላይ የሚደረገው የንጽጽር ቲዩበርክሊን ምርመራ ነው።

የቆዳው ምርመራ እንዴት ተሠራ

የምርመራው ሐሳብ ቀላል ነው። የከብት ቲቢ ባክቴሪያ (ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ) የገባበት ከብት፣ ከባክቴሪያው የተጣራ ፕሮቲን ቆዳው ውስጥ ሲወጋ በ3ኛው ቀን ቦታው ያብጣል። ይሁንና በአፈር፣ በውኃና በዶሮ ኩስ ውስጥ ያሉ የባክቴሪያው ዘመዶችም ተመሳሳይ እብጠት ያመጣሉ። ስለዚህ ከአእዋፍ ባክቴሪያ የተሠራ ሌላ ቲዩበርክሊን ጎን ለጎን ይወጋና የሁለቱ እብጠት ይነጻጸራል።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ከብት የጆሮ ቁጥር ተሰጠው፤ የመጣበት ገበያ፣ ዕድሜው በጥርሱ፣ የሥጋ ይዞታውም ተመዘገበ። ቀጥሎ በአንገቱ መካከለኛ ሲሶ ላይ፣ ከሻኛው ራቅ ብሎ፣ ሁለት ቦታዎች ከላይና ከታች ተላጩ። በመካከላቸው ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት አለ። የላይኛው ሁልጊዜ የአእዋፍ፣ የታችኛው ሁልጊዜ የከብት ቲዩበርክሊን ነው። መዥገር የነከሰው፣ የቆሰለ ወይም ጠባሳ ያለበት ቆዳ ይታለፋል፤ በቆላ ወይፈኖች ላይ ንጹሕ ቦታ ለማግኘት ወደ ሌላው የአንገት ጎን መዞር ያስፈለገበት ጊዜ ነበር።

የቆዳው እጥፋት ውፍረት በካሊፐር ተለክቶ በሚሊ ሜትር ተጻፈ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቦታ 0.1 ሚሊ ሊትር ተወጋ። የከብቱ ቲዩበርክሊን በዚህ መጠን ውስጥ ከ2000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። መርፌው አጭር ነው፤ ጋደም ብሎ ወደ ቆዳው ጥልቀት ይገባል እንጂ ከቆዳ ሥር አያልፍም። በትክክል መወጋቱ የሚታወቀው ጣት ሲዳስስ ምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ወዲያው ስትገኝ ነው። ካልተገኘች ፈሳሹ ወይ ከቆዳ ሥር ገብቷል ወይ ፀጉር ላይ ፈስሷል፤ ያ ከብት በ3ኛው ቀን «ነጌቲቭ» ቢባል ምንም ትርጉም የለውም።

የድሬዳዋ ሙቀት የራሱ ጣጣ አለው። ቲዩበርክሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ መቀዝቀዝ እንጂ መርጋት የለበትም። ብልቃጦቹ በረዶውን እንዳይነኩ በጨርቅ ተጠቅልለው በበረዶ ሣጥን ተቀመጡ፤ የተከፈተ ብልቃጥ ለማግስቱ አልተረፈም። ሥራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ አለቀ፤ ከብቱም በጠዋት ይረጋጋል።

የተሰናከለውና የተስተካከለው

የመጀመሪያዎቹ ከብቶች የተወጉት ግንድ ላይ በገመድ ታስረው ነበር። በዲቃላዎቹ ላይ ይህ ሠራ፤ ሰው ለምደዋል። የቆላ ወይፈኖች ግን ራሳቸውን ሲያወዛውዙ መርፌው ይወጣል፤ በሦስቱ ላይ ምስሯ አልተዳሰሰችም። ሥራው ቆሞ ከብት አጥብቆ የሚይዝ የብረት መተላለፊያ፣ ባለሙያዎች ክራሽ የሚሉት፣ በውሰት መጣ። ሦስቱም ወዲያውኑ በሌላው የአንገት ጎን ተለክተው እንደገና ተወጉ። ለማግስቱ ቢተላለፍ ኖሮ የንባቡ ቀን ይምታታ ነበር።

ሁለተኛው መሰናክል ካሊፐሩ ነው። የአንዱ ሰው እጅ ቆዳውን ጠበቅ ያደርጋል፣ የሌላው ላላ፤ በዚህ ብቻ 1 ሚሊ ሜትር ይለያያል። ውሳኔው በ2 እና በ4 ሚሊ ሜትር ለሚቆም ምርመራ 1 ሚሊ ሜትር ትልቅ ስህተት ነው። ከጥቂት ከብቶች በኋላ ለኪው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ በ3ኛው ቀንም ያው ሰው እንዲለካ ተወሰነ። ጸሐፊው የሰማውን ቁጥር ጮክ ብሎ ይደግማል። በዚህ አሠራር ከላይና ከታች የተገላበጡ ሁለት መስመሮች እዚያው ተገኝተው ታረሙ። በንባቡ ቀን ደግሞ ለኪው የመጀመሪያውን ቁጥር እንዳያይ ወረቀቱ ከሱ ተሸሸገ። «ይሄ አብጧል» ብሎ የጠበቀ እጅ እብጠት ያገኛልና።

ሦስተኛው ግን አልተስተካከለም። መርፌው ሰኞ ጠዋት ነበር፣ ንባቡ ከ72 ሰዓት በኋላ ሐሙስ ጠዋት። በመካከሉ ሁለት ከብቶች፣ አንድ የደጋና አንድ የቆላ፣ ተሸጡ። አንዱ ከተማው ውስጥ ታርዶ በምርመራ ምንም አልተገኘበትም፤ ሌላው በጭነት መኪና ሄዶ ዱካው ጠፋ። ባለቤቱን መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን ለገዢ ቃል የገባው ምርመራው ከመታሰቡ በፊት ነበር፤ ለእነዚያ 72 ሰዓታት ማንም በግልጽ «አትሽጥ» ብሎ አላስፈረመውም። በተጨማሪም ለቲቢ ሲባል ለሚወገድ ከብት ካሳ የሚከፍል አገራዊ አሠራር ስለሌለ፣ ነጋዴው ለመተባበር ያለው ምክንያት የራሱ ጥቅም ብቻ ነው። ይህን የማያሰላ ዕቅድ በረት ውስጥ አይሠራም።

ንባቡ

ስሌቱ ይህ ነው፦ የታችኛው ቦታ የጨመረው ሲቀነስ የላይኛው የጨመረው። ልዩነቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ፖዘቲቭ፣ ከ1 እስከ 4 ከሆነ አጠራጣሪ፣ ከዚያ በታች ነጌቲቭ ይባላል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ግን ለአገራችን ከብት ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ሁሉ ፖዘቲቭ ማለት የተሻለ እንደሚይዝ አሳይተዋል። ሦስት ከብቶች ሁሉንም ነገር ያሳያሉ።

ቁጥር 17፣ ዲቃላ፦ የታችኛው ከ7.2 ወደ 15.8 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 8.6 ጨመረ። የላይኛው ከ7.0 ወደ 9.1፣ 2.1 ጨመረ። ልዩነቱ 6.5 ነው። ቦታው ለስልሶ ያበጠ፣ ሲነካ የሚያመው ነበር። በየትኛውም ሚዛን ፖዘቲቭ ነው።

ቁጥር 9፣ የደጋ በሬ፦ የታችኛው ከ8.1 ወደ 13.0፣ 4.9 ጨመረ። የከብቱ ቲዩበርክሊን ብቻውን ተወግቶ ቢሆን ኖሮ ይህ በሬ ፖዘቲቭ ተብሎ ይወገድ ነበር። የላይኛው ግን ከ7.9 ወደ 14.6፣ 6.7 ጨምሯል። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ነው፤ ነጌቲቭ።

ቁጥር 22፣ የቆላ ወይፈን፦ የታችኛው 3.4፣ የላይኛው 0.4 ጨመረ። ልዩነቱ 3.0፤ በአንዱ ሚዛን አጠራጣሪ፣ በሌላው ፖዘቲቭ።

በጠቅላላው ከተነበቡት 31 ከብቶች 4ቱ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኑ፤ ሦስቱ ዲቃላዎች፣ አንዱ ከእነሱ አጠገብ ይታሰር የነበረ የደጋ በሬ። 3ቱ በ2 እና በ4 መካከል ወደቁ። እንደ ቁጥር 9 የላይኛው ቦታ የበለጠ ያበጠባቸው 6 ናቸው፤ አብዛኞቹ ከፉርሽካው መጋዘን በኩል የሚታሰሩ። ዶሮዎቹ ለዚህ ተጠያቂ መሆናቸውን ያረጋገጠ ምርመራ አልተደረገም፣ ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ ከመጋዘኑ ወጡ። የቀሩት 18ቱ ነጌቲቭ ነበሩ።

ከ18ቱ አንዱ አራተኛው ዲቃላ ነው። አብረውት የመጡት ሦስቱ ሲያብጡ እሱ ላይ ምንም አልታየም። ይሁን እንጂ ሌሎቹ የሚበሉትን እየበላ አጥንቱ የወጣ፣ ጠዋት ጠዋት የሚስል እንስሳ ነበር። ይህ ለሐኪሞቹ የደወል ድምፅ ሆነ። ቲቢ ሰውነቱን ያዳረሰበት ከብት የመከላከያ ኃይሉ ስለሚደክም ቆዳው መልስ መስጠት ያቆማል። በሽታው ገና ከገባ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያልሞላው ከብትም እንዲሁ ነጌቲቭ ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱ ነጌቲቭ ቢለውም የሰውነቱ ሁኔታ ታይቶ ከሚታረዱት ጋር ተመደበ።

ለሥጋ ከብት የትኛው ሚዛን?

አጠራጣሪ ከብት ቢያንስ ከ42 ቀን በኋላ እንደገና ይመረመራል፤ ቀድሞ ቢወጋ ቆዳው ደንዝዞ ትክክለኛ መልስ አይሰጥም። ለወተት ላም ይህ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ በስህተት ከተወገደች የብዙ ዓመት ወተት ይቀራል። ለድልብ በሬ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ከብቱ መድረሻው ቄራ ነው፤ በስህተት ፖዘቲቭ ቢባል የሚጎድለው የጥቂት ሳምንት ክብደት ነው። 42 ቀን መቀለብና እስከዚያ ከሌሎቹ ጋር አንድ ገንዳ ላይ ማቆየት ከዚያ ይበልጥ ያስከፍላል። በዚህ ምክንያት የ2 ሚሊ ሜትሩ ሚዛን ተመርጦ 7ቱም፣ ከከሳው ዲቃላ ጋር 8ቱ፣ ወዲያው ለእርድ ተወሰኑ። የሥጋ ከብት ላይ ጠበቅ ያለ ሚዛን መጠቀም ርካሽ ነው፤ ይህ ጉዳይ ካሳያቸው ነገሮች ትልቁ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ቄራ ላይ የተሠራው

ለሥጋ መርማሪው አስቀድሞ ተነገረ። ስምንቱ በዕለቱ መጨረሻ ታረዱ፤ ዕቃው ከእነሱ በኋላ በሚገባ ታጠበ። አስቸጋሪው ነገር ማንነትን መከታተል ነበር። የጆሮው ቁጥር ያለው ጭንቅላት ላይ ነው፤ ጭንቅላት በአንድ መንጠቆ፣ ሳንባና ጉበት በሌላ፣ አንጀት በወለል ይሄዳሉ። ከስምንቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁጥሩ በማይፋቅ ቀለም በፕላስቲክ ቁራጮች ላይ ተጽፎ ጭንቅላቱ፣ ሳንባውና አንጀቱ ላይ በሽቦ ታሰረ። ይህ ባይደረግ ዕጢው የየትኛው ከብት እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ የአንገቱ ንባብም ከቄራው ግኝት ጋር አይገናኝም።

መደበኛው የሥጋ ምርመራ በችኮላ ስለሚሠራ ትናንሽ ጉዳቶች ያመልጡታል። በዚህ ጊዜ ግን የመንጋጋ ሥር፣ የጆሮ ሥር፣ የጉሮሮ ኋላ፣ የአየር ቧንቧው የሚከፈልበት ግራና ቀኝ፣ የሳንባ መካከል፣ የጉበትና የአንጀት ዕጢዎች አንድ በአንድ በቀጭን ተቆራረጡ፤ ሳንባው በየክፍሉ ተዳብሶ ተከፈተ። በአንዱ ከብትና በሌላው መካከል ቢላዋው በ82 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ተነከረ።

ሦስቱ ፖዘቲቭ ዲቃላዎች ሳንባቸው ላይና በዙሪያው ባሉ ዕጢዎች ጉዳት ተገኘባቸው። የቆዳ ምርመራው ነጌቲቭ ያለው የከሳው ዲቃላ ከሁሉም የባሰ ነበር፤ ሳንባው፣ የደረቱ ሽፋንና ጉበቱ በክብ ክብ ጠጣር እብጠቶች ተሞልቷል፤ ሥጋው በሙሉ ተወገደ። ቁጥር 22 በግራ የአየር ቧንቧ ዕጢው ላይ አንዲት ትንሽ ጠጣር ነጥብ ነበረችው። ሌሎቹ ሁለት አጠራጣሪዎች ንጹሕ ነበሩ።

ፖዘቲቭ የሆነው የደጋ በሬ ግን ምንም አልተገኘበትም። ባለቤቱ የተናደደው እዚህ ላይ ነው። «ዶክተር፣ አንገቱ አብጧል አላችሁኝ፣ አረድኩት፤ ሳንባው ይኸው ንጹሕ ነው። ታዲያ ምን ነበረበት?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በዚያ ቀን ሊሰጥ አይችልም ነበር። በሽታው የገባበት ከብት ቆዳው መልስ መስጠት የሚጀምረው በዓይን የሚታይ ጉዳት ሳይፈጠር ነው።

ላቦራቶሪው የመለሰው

ከአምስቱ ጉዳት ያለባቸው ከብቶች ዕጢ፣ ጉዳት ካልታየባቸው ከሦስቱም የዋና ዋና ዕጢዎች ቁራጭ ተወሰደ። በክዳን በሚዘጉ ንጹሕ ዕቃዎች፣ 0.9 በመቶ የጨው ውኃ ውስጥ ገብተው በበረዶ ተላኩ። ጉዞው ከታሰበው በላይ ዘገየ፤ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ረግተው መቆየት ሲገባቸው ቀዝቅዘው ብቻ ቆዩ። የአንዱ ናሙና መዘዝ የመጣው ከዚህ ነው።

በማይክሮስኮፕ ከአምስቱ ጉዳቶች በሦስቱ ብቻ ባክቴሪያው ታየ። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ የከብት ጉዳት ውስጥ ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ለማሳደግ ናሙናው በ4 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከሌላ ባክቴሪያ ከጸዳ በኋላ ፓይሩቬት ባለበት የሎቨንስታይን ጄንሰን ምግብ ላይ ተዘራ። ለሰው ቲቢ የሚዘጋጀው ግሊሰሮል ያለበት ምግብ ቦቪስን ስለማይስማማው ብቻውን ከተጠቀሙበት «አልበቀለም» የሚል የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። ማሙቂያው 37 ዲግሪ፣ ትዕግሥቱ 8 ሳምንት።

ከአራቱም ዲቃላዎች በቀለ። ንጹሕ መስሎ ከታየው የደጋ በሬም በቀለ፤ የባለቤቱ ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን ተመለሰ። በዘር ምርመራ አምስቱም ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ መሆናቸው ታወቀ። የቁጥር 22 ናሙና ግን በሌላ ባክቴሪያ ተወርሮ ተበላሸ፤ ያቺ ነጥብ ምን እንደነበረች አይታወቅም። ከቀሩት ሁለቱ ምንም አልበቀለም።

የቀሩት ከብቶችና ሠራተኞቹ

ከቀሩት 23 ከብቶች 9ኙ ደልበው ስለነበር ለአረፋ ወጡ፤ ቄራው አስቀድሞ ተነግሮት ነበርና ዕጢያቸው ተቆርጦ ታየ፣ ምንም አልተገኘም። 14ቱ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ተመረመሩ። አንዱ፣ ዲቃላዎቹ በነበሩበት በኩል የሚታሰር የደጋ በሬ፣ ፖዘቲቭ ሆነ፤ ሲታረድ በጉሮሮ ኋላ ዕጢው ላይ ጉዳት ተገኘ። የመጀመሪያው ምርመራ ላይ በሽታው ገና የገባበት ሳይሆን አይቀርም። በመካከሉ ገንዳው ባዶ ሆኖ እበቱና የምግብ ቅሬታው ተፍቆ ከወጣ በኋላ፣ 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጁ በ9 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ለ30 ደቂቃ ተደፋበት፤ ከዚያ ለድሬዳዋ ፀሐይ ክፍት ሆነ። እበት ላይ የፈሰሰ በረኪና ዋጋ የለውም፤ መፈተጉ ይቀድማል።

ሦስቱ ሠራተኞች ለጤና ጣቢያ ተነገረላቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሳለ አንዱ አክታው የቲቢ ባክቴሪያን ዘር በሚፈልገው መሣሪያ፣ በጂን ኤክስፐርት፣ እንዲታይ ተደረገ፤ ውጤቱ የእሱ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልሰፈረም። ለጤና ባለሙያዎቹ ግን ሁለት ነገር ተነግሯል። ጂን ኤክስፐርት የሰውን ቲቢና ቦቪስን አይለይም፤ ቦቪስ ደግሞ ከመደበኛዎቹ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ፒራዚናማይድ በተፈጥሮው ይቋቋማል። ከከብት ጋር የሚውል ታማሚ መሆኑን ካርዱ ላይ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ዲቃላዎቹን የሸጠው እርባታም በአካል ተነገረው። ላሞቹን ለማስመርመር አልፈቀደም፤ የሚያስገድደውም አልነበረም።

ለሌላ በረት የሚያገለግለው

ዲቃላና ከወተት እርባታ የወጣ ከብት ወደ ድልብ በረት ሲገባ ለብቻው ገንዳ ይሰጠው፤ ምርመራውም ከመቀላቀሉ በፊት ይሁን። የወጣት ቆላ ወይፈን ጭነት በሙሉ መመርመር ግን ለአብዛኛው ነጋዴ ወጪውን አይመልስም። ለሱ የሚሻለው ቄራ ላይ ዕጢ አስቆርጦ ማየትና ግኝቱን ከተገዛበት ገበያ ጋር ማዛመድ ነው።

የአእዋፍ ቲዩበርክሊን ከጠፋ ምርመራውን ማስተላለፍ ይሻላል። በዚህ በረት የከብቱ ብቻ ቢወጋ ኖሮ እንደ ቁጥር 9 ያሉት በከንቱ ይወገዱ ነበር፤ ባለቤቱም ሁለተኛ ምርመራ አይፈቅድም ነበር።

ከመርፌው በፊት ከባለቤቱ ጋር በጽሑፍ የሚስማሙባቸው ነገሮች አሉ፦ በ72 ሰዓቱ ውስጥ የትኛውም ከብት እንደማይወጣ፣ ፖዘቲቭ ቢገኝ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ንጹሕ ሳንባ ያለው ፖዘቲቭ ሊገኝ እንደሚችል። የመጨረሻው ከመታረዱ በፊት ከተነገረ ማብራሪያ ነው፣ ከታረደ በኋላ ከተነገረ ሰበብ ይመስላል።

የከሳና የሚስል ከብት ነጌቲቭ ወረቀት ይዞ ቢመጣም አብሮ መታሰር የለበትም።

የሥጋ መርማሪው ደግሞ የጨው ውኃ ያለባቸው ጥቂት ባለክዳን ዕቃዎች በመሳቢያው ቢኖሩት፣ በመጀመሪያው በሬ ላይ የጠፋው ማስረጃ አይጠፋም። የዕቃው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የሚያስቀምጥበት ማቀዝቀዣና ናሙናውን የሚወስድ መኪና ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ያለው ጎረቤት፣ ለምሳሌ የእንስሳት ክሊኒክ፣ ከቄራው ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ናሙና ለመቀበል ቢስማማ ሥራው ይቀላል። ይህ በረት ከዚያ ወዲህ የሚያስገባውን ከብት ሁሉ የጆሮ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተገዛበትን ገበያ ከቁጥሩ ጎን ይጽፋል፤ ቄራው ሳንባ ሲያስወግድ ቁጥሩን በስልክ ይነግረዋል።